የኮኪቱ ይሁዳ

ደምለውን ማንም አይወደውም ነበር። ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለው እርሻ ላይ ምንጣሮ የገቡት ሠራተኞች ካቦ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌ ደርሶ ይመለሳል። እዚያ ከማን ጋር ምን እንደሚያወራ የሚያውቅ የለም። ሰው ያልገባውን ነገር በመጥፎ መተርጎም ይቀናዋልና ሠራተኛው በሌለበት «ይሁዳ» ይለው ነበር።

ቸሩ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይፈራዋል። ምክንያት ነበረው። አጠገቡ የሚተኛው፣ ካምፑ በሙሉ ይርዳው እያለ የሚጠራው ጓደኛው፣ እውነተኛ ስሙ ቢሻው ነው። ጎንደር ላይ ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለጋል። በ1970 ዓ.ም. እንዲህ ተብሎ የተያዘን ወጣት ከጥይት ሌላ የሚጠብቀው አልነበረም። ሱዳን ለመሻገር የቀረው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ግን ወባ ጥሎት መራመድ አቃተው። ቸሩ የእሱንም ድርሻ ይመነጥራል፣ ውሃ ያጠጣዋል፣ ካቦው ሲመጣ «ይርዳው እንጨት ሊያመጣ ሄዷል» ብሎ ይዋሻል።

ደምለው እንደ ሱዳኖቹ «ተማም»፣ እሺ ለማለት፣ ብሎ ያልፋል። አንድም ቀን ተከራክሮት አያውቅም። ይኼ ቸሩን ይበልጥ አስፈራው።

መጋቢት ላይ ቸሩ በእርሻው መኪና ጎንደር ወጣ። ቢሻው «እናቴ ሞቷል ብላ እርሟን እንዳታወጣ» ብሎ ለምኖት ነው። እማማ ሀብትነሽ በሩን ዘግተው አስገቡት። ልጃቸው መኖሩን ሲሰሙ አለቀሱ፤ እግርህን ካላጠብኩ አሉ፤ ሽሮ አቀረቡለት።

«አንተስ የኔ ልጅ፣ እናት አለችህ?»

«የለችም እማማ። በስድሳ ስድስቱ ረሀብ ቤተሰቡ በሙሉ ወሎ ላይ አለቀ።»

«ወንድምም? እህትም?»

«ማንም።»

«ታዲያ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠይቅህ ማነው?»

«ማን ይጠይቀኛል፤ ቢሻው ነው እንጂ።»

እማማ ሀብትነሽ ብዙ አዩት። ቸሩን እንዲያ አተኩሮ ያየው ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም። በመንገዱ ሁሉ ደስ እያለው ተመለሰ።

በሕማማት ረቡዕ ጠዋት አንድ ላንድሮቨር ካምፑ በር ላይ ቆመ። አንድ ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ወረደ፤ ቀጥሎ እማማ ሀብትነሽን አወረዷቸው።  ለካስ ቸሩ ከእርሻው መኪና ወርዶ እቤታቸው ሲገባ ያየ ጎረቤት ነበር።

ሠላሳውን ሠራተኛ ፀሐይ ላይ አሰለፏቸው። ቢሻውና ቸሩ ጎን ለጎን ቆሙ።

«የምንፈልገው ቢሻው የሚባል ነው» አለ ካድሬው። «መልኩን የሚያውቅ የለንም፤ እናቱ ታሳየናለች። የለም ካለች ሠላሳችሁንም ጭነን ነው የምንሄደው።» ከዚያ ወደ ደምለው ዞረ። «አንተ ካቦ፣ የትኛው ነው?»

አሁን አለቀልን፣ አለ ቸሩ በሆዱ።

ደምለው መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔ ክንዳቸውን ነው የማውቀው። ቢሻው የሚባል አልቀጠርኩም» አለ።

ካድሬው በጥፊ አጮለው። ደምለው የአፉን ደም ጠርጎ ያንኑ ደገመ። ቸሩ አፈረ፤ ይህን ሁሉ ወር ሰውየውን በከንቱ ሲያማው ኖሯል።

እማማ ሀብትነሽ ከሰልፉ ዳር ጀመሩ። በሕማማት ሰው ከሰው አይሳሳምም፤ ይሁዳ ጌታውን የሸጠው በመሳም ነውና። ሴትዮዋ በነጠላቸው እንደተከናነቡ የእያንዳንዱን ፊት እያዩ በዝምታ አለፉ። ቢሻው ፊት ደረሱ። ወባው አጥንቱን አውጥቶታል፣ ጢሙ አድጓል። ዓይናቸው ሳይርገበገብ፣ ባዳ እንደሚታለፍ አለፉት።

ቸሩ እንዲህ ያለች እናት ለአንድ ቀን እንኳ ብትኖረኝ ብሎ ተመኘ፤ እንባው መጣ።

እማማ ሀብትነሽ ፊቱ ቆሙ፤ አንገቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቢሻዬ» አሉና ሳሙት።