ከተማውን ሁሉ የቀመሰው ወንድሜ

«ዛሬ የምንጎበኘው ምግብ ቤት... የኛው ቤት ነው» አለ ወንድሜ፣ ስልኩን ሾርባው ላይ ደቅኖ።

እማዬ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

እቀርጽሻለሁ ስላላት ሽርጧን አውልቃ፣ ሻሿን ቀይራ...

ልትመሰገን መስሏት ነበር።

አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ ከተተ። ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ሶፍት አወጣና እንትፍ አለው።

«እዚህ ቤት ሾርባ ላይ ጨው አይጨምሩም። ጨው ላይ ነው ሾርባ ጠብ የሚያደርጉት። ከአስር ዜሮ!»

እማዬ አፍራ ሳቀች... ሳቋም ቪዲዮው ውስጥ ገባ።

ወንድሜ ምግብ ቤት እየዞረ የሚቀምስ ልጅ ነው። አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ ከተባለ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ጥብሱ ደርቋል፣ ስጎው ቀጥኗል፣ ሩዙ ተጣብቋል ይላል... ሰውም ያምነዋል።

ቪዲዮ የሚለጥፍበት ገጽ ስም «ምላሴ ተመለሰ» ነው።

እንዲህ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት ክፉኛ ታሞ፣ ሲሻለው ምግብ አልሸተው፣ አልጣፍጠው ብሎ ነበር። እንደ ሕፃን አልቅሷል። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ በማንኪያ ስታጎርሰው የከረመችው እማዬ ናት። በሽታው እሷንም ይዞ ጣላት።

አንድ ቀን ብርቱካን ሲልጥ ሽታው መጣለት... ከደስታው ብዛት ገጽ ከፈተ።

ይህን ያዙልኝ።

የሾርባው ቪዲዮ በነጋታው ያላየው ሰው አልነበረም። እማዬ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ «እትዬ ጨው መጡ» አላት።

አብራ ሳቀች።

ጎረቤታችን ደግሞ ልጇን ልትድር ነበር። ለሠርጉ ድስቱን የምትይዘው እማዬ ነበረች። እማዬ ስንት ቀን ስታስብበት ከርማለች። ሴትዮዋ መጥታ፣ ቁጭ እንኳ ሳትል፣ «አንቺ ዘንድሮ እረፊ፣ ሌላ ሰው ይዘናል» ብላት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ድስት አልጣደችም። ዳቦ በሻይ... ዳቦ በሻይ...

ወንድሜ ይህን አላወቀም። የሚበላው ውጭ ነዋ!

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበሩ የጋዝ ሽታ ተቀበለኝ።

ሮጬ ኩሽና ገባሁ። እማዬ የሻይ ውሃ ልትጥድ ምድጃው ፊት ቆማለች። ክብሪቱን ልትጭረው ነው።

ከእጇ ነጠቅኳት። ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩት።

«እማዬ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«አይሸተኝም ልጄ... ከዚያ በሽታ ወዲህ አይሸተኝም። ምላሴም እንደዚያው ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ለካ ምግብ በሠራች ቁጥር «እጅሽን ዘርጊ» እያለች መዳፌ ላይ ጠብ የምታደርግልኝ፣ «ጨው እንዴት ነው?» የምትለኝ ለእሷ ስለማይታወቃት ነው... እኔ ሙያ የምታስተምረኝ መስሎኝ ነበር።

ለምን እንዳልነገረችን ጠየቅኳት። ወንድምሽ ሲድን ደስ ብሎት ነበር፣ በሽታውን እኔ ነኝ ያስያዝኳት ብሎ እንዳይጨነቅ ነው አለችኝ።

የሾርባው ቀን እኔ አክስቴ ጋ ነበርኩ፣ ያየሁት ቪዲዮውን ነው። ታዲያ ማን ቀመሰልሽ አልኳት።

«ወንድምሽን ጠራሁት። ና ቅመስልኝ፣ ጨው ይበቃዋል ወይ አልኩት። ከክፍሉ ሳይወጣ ‹ጨምሪበት እማ› አለኝ። ጨመርኩ። ደግሜ ጠራሁት... አሁንም ‹ጨምሪበት› አለኝ።»

አያችሁ አይደል?

ከተማውን ሁሉ የሚቀምሰው ልጅ፣ ለእናቱ ለመቅመስ ከአልጋው አልተነሳም። ሳይቀምስ ጨው አስጨመራት። ከዚያ ጨው በዛ ብሎ አገር አሳቀባት!

እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ወንድሜ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

አለቀሰ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር...

ስልኩን አወጣ።

«ይሄማ ሰው ያስለቅሳል» አለ። «እማ፣ ነይ እዚህ ብርሃኑ ጋ ቁጭ በይ። ካሜራ ፊት ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

ደሜ ፈላ።

እማዬ ግን ምንም ሳትል ኩሽና ገባችና ድስት ጣደች። ሾርባው ሲንተከተክ ጠራችው።

«ስልኩን አስቀምጥና እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። በጭልፋ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገችለት። ላሰው።

«ጨው እንዴት ነው?»

«ያንሰዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«እርግጠኛ ነህ? ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። ስልኩን መልሶ አላነሳውም።

ቪዲዮውን አጥፍቶታል። ግን ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ወስደው አሁንም ያዞሩታል። ሠርጉም በሌላ ሰው እጅ ተበላ። ዳቦ ሻጩም «እትዬ ጨው» ማለቱን አልተወም።

ለአገር ሁሉ እየቀመሰ ለእናቱ ያልቀመሰ ምላስ፣ ተመለሰ አይባልም። በሰው ምግብ ከመሳቃችን በፊት የሠራችው ሴት ምን ሆና እንደሠራችው እንጠይቅ።

እኔ እስካሁን ንዴቴ አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጠይቃችሁ...

እናታችሁ ከኩሽና «ኑ ቅመሱልኝ» ስትል ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ? ወይስ እንደ ወንድሜ ከተኛችሁበት ነው የምትመልሱት?

እውነቱን ጻፉልኝ።