የሰብሪና ጓደኛ

ባንቲሁን ካርቲዬ ሁለት በተባለው ሰፈር ባለ የወጣቶች ማዕከል አማካሪ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የአምስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። የምስክር ወረቀቱን ከወንበሩ ጀርባ ስለሰቀለው፣ እንግዳ ሲመጣ እንዳይከልለው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሰብሪና የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጣች። ፊቷ አዲስ አልሆነበትም፤ የት እንዳያት ግን አላስታወሰም። አባቷ ከይረዲን፣ ቡላኦስ በሚባለው ገበያ ጨርቅ ይነግዳል።

«አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አለች። «አባቷ በቀበቶ ይገርፋታል።»

ባንቲሁን በሆዱ ፈገግ አለ። ልጅ «ጓደኛዬ» ካለ ራሱን ማለቱ እንደሆነ በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ተምሯል።

«ማን ትባላለች?»

ልጅቷ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ለአባቷ ይነግሩባታል?»

«ምነው፣ አብጃለሁ እንዴ!»

ስሟን ሳትነግረው ሄደች። እሱም አልጨቀጨቃትም፤ ገብቶታላ።

ሥልጠናው «ተጠርጣሪውን ወላጅ በቀጥታ አትጋፈጡ» ይል ነበር። ባንቲሁን ግን ይህ በተነገረበት ቀን አርፍዶ ነው የገባው። በማግስቱ ከይረዲን ሱቅ ሄዶ፣ ደንበኞች ፊት፣ ልጅ በቀበቶ እንደማይታረም አስረዳው።

ከይረዲን የያዘው መቀስ ከእጁ ወደቀ። «ወላሂ፣ ልጄን በጣቴ ነክቻት አላውቅም!»

ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ አለ ባንቲሁን በልቡ። እኔም ብጠየቅ ሌላ ምን እላለሁ?

እራት ላይ ስም ሳይጠራ ጀብዱውን ለሚስቱና ለልጁ ለኤሌኒ ተረከላቸው። እሱ ሲያወራ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ በዚህ ይኮራል። ኤሌኒ ሳትጨርስ ከገበታው ተነሳች። ሆደ ቡቡ ናት፣ ሲል አዘነላት።

ጠዋት ከይረዲን ልጁን ይዞ ቢሮው ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። ሱቁን እንዳልከፈተ፣ ጎረቤት ሁሉ ዘወር ብሎ እንደሚያየው ተናገረ። ባንቲሁን የእምነት ቃል ሊሰጥ መስሎት ብዕሩን አነሳ።

«ንገሪያቸው» አላት ከይረዲን። «ጓደኛሽን በስሟ ጥሪላቸው።»

ሰብሪና አባቷን ተጠጋች።

«ኤሌኒ ናት፣ ጋሼ። የእርስዎ ኤሌኒ።»