የመቀነስ ምልክት

መሐንዲሷ ስሌቷን ደግማ ስታየው ክው አለች። ከኤክስ ስኩዌር ፊት የነበረችውን የመቀነስ ምልክት ዘልላታለች። ኩርባው ወደ ታች ነበር የሚከፈተው። ግንበኞቹ ቆመው በሚሠሩበት የእንጨት መድረክ ላይ ጫናው ዝቅተኛ የሚሆንበት ብላ ያገኘችው ነጥብ፣ ከፍተኛ የሚሆንበት ኖሯል። ሲሚንቶው እዚያ እንዲከመር ጠዋት የነገረችው ደግሞ ለግንበኞቹ አለቃ፣ ለገዛ አባቷ ነው። ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

«የኔ መሐንዲስ! ባልሽው ቦታ ከምረን ጨረስን፤ ለሰዎቹ እየተኩራራሁብሽ ነው» አላት እየሳቀ።

«አባዬ፣ ቶሎ ውረዱ! ተሳስቻለሁ!»

ሳቁ ተቋረጠ። ወዲያው ጩኸቱ ከስልኩ ራቅ ብሎ ተሰማት፤ «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ልጄ የነገረችኝን እኔ ነኝ ገልብጬ የሰማሁት!»

የሚሮጡ እግሮች ተሰሙ፤ ቀጥሎ እንጨት ሲሰነጠቅ። «አባዬ!» ብላ ጮኸች።

«ሰው አልተጎዳም» አላት ቆይቶ፣ እያለከለከ። «ማንም ቢጠይቅሽ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰማሽ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ የዘለለቻትን የመቀነስ ምልክት ከኤክስ ስኩዌር ፊት ጻፈቻት።