ሰማያዊውና ቀዩ

ረድኤት በእናቷ ላፕቶፕ ላይ የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚያነጻጽር ፕሮግራም እየጫነች ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀባት።

«እማዬ፣ ዩኒቨርሲቲ እያስተማርሽ ይሄ ያቅትሻል?»

«ለዚህ አይደል የወለድኩሽ» አለች እናቷ።

ፕሮግራሙ ተጭኖ ሲያልቅ እናቷ ሁለት ፋይሎች ሰጠቻት። አንዱ የሟች አባቷ ነበር፤ ልቡን አድክሞ የገደለው የተበላሸ ፕሮቲን። ሌላው ከአንድ ሰው ደም የተገኘ ሲሆን ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል።

«ከገጠሙስ?»

«በሽታውም አንድ ነው ማለት ነው።»

ረድኤት ቁልፉን ተጫነች። ሰማያዊው ቅርጽ ዞር ዞር ብሎ በአባቷ ቀይ ቅርጽ ላይ ተቀመጠ። ቀዩ ከሥሩ ጠፋ።

«አየሽ፣ ሠራልሽ» አለች ደስ ብሏት። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ምስኪን። ሰውየው ያውቃል?»

«ገና ነው።»

«ቶሎ ንገሩት እንጂ። አባዬም ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይታከም ነበር።»

እናቷ ላፕቶፑን ዘጋችው። ከዚያም የልጇን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ፣ ባለፈው ወር ለደም ማነስ ምርመራ ብላ ደም ያስወሰደችበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።