ገንፎ በወርቅ ሚዛን

«አባባ፣ ሁለት ኪሎ ጨምረሃል» እላለሁ፣ የማሽላ ገንፎውን ትንሿ ሚዛን ላይ በማንኪያ እያደረግኩ። «ሁለት ኪሎ ከሰማይ አይወርድም።»

«ከነጫማዬ ነው የተመዘንኩት» ይላል አባቴ ዲሳሳ።

እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፋርማሲው በር ላይ ያለው ሚዛን ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጫማውን አውልቆ ነበር።

ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። እምብርቱ ላይ ያበጠው ነገር ኦፕራሲዮን ካልተደረገ አንድ ቀን አንጀቱን ያንቀዋል፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ደግሞ ማደንዘዣ አይሰጡትም። ስለዚህ ዕድሜውን፣ ቁመቱንና ኪሎውን ስልኬ ላይ አስገብቼ አሰላሁ። ባለበት ለመቆየት በቀን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ካሎሪ ይበቃዋል። ለመቀነስ አምስት መቶ አነሳሁ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ሳይመዘን በፊቱ ቀርቦ አያውቅም።

በእኛ ቤት ሳህን የሚለየው ሰው ሲጣላ ብቻ ነው። አባባና እማዬ ከተጋቡ ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። አሁን ጎን ለጎን ሁለት ሳህን ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሱ የተመዘነ፣ የሷ ያልተመዘነ።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ኢንቲሳር ሱቅ። ሻይ ጠጣሁ።»

«ስኳር?»

«የለውም።»

«ኦቾሎኒስ? ማንጎስ?»

«ልጄ፣ ይሄ ምሳ ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ?»

ጎረቤታችን ኢንቲሳር የባሚያ ወጥ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ሚዛኑም የነሱ ነው። ባሏ አብዱልሐሚድ መንጌ እየሄደ ወርቅ ይገዛል፤ አዲስ ሲያመጣ አሮጌውን አዋሰኝ።

«እትዬ ኢንቲሳር፣ አንቺ የደበቅሽው ነገር ከሌለ የሚዋሸው ሚዛናችሁ ነው» እላታለሁ።

«ወላሂ ሎዛ፣ አንተ ሰው አያምንም!» ለኢንቲሳር አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ሴቱም ወንዱም አንተ ነው። «ይሄ ሚዛን የመንጌ ወርቅ መዝኖ አልዋሸም። ያንተ ገንፎ ሲመጣ ይዋሻል?»

እማዬ ትስቃለች። በዚህ በሚያዝያ ሙቀት ሹራብ ለብሳለች፤ ሰሞኑን ብርድ ብርድ ይለኛል ትላለች።

«ጸሐይነሽ፣ አምባር መቼ ይሸጥልኛል?» ትላታለች ኢንቲሳር ወጡን እያቀበለቻት።

«በሳሙናም አልወጣ ብሏል አልኩሽ እኮ። ከፈለግሽ ከነእጄ ግዢኝ።»

የቆየ ቀልዳቸው ነው። ያ አምባር ይሄን ስተርክ እኔ ጋ ነው። ያኔ ግን የእማዬ ሥጋ ውስጥ ሰምጦ የሚኖር ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ላወልቀው ስታገል እጇ ይቀላ ነበር።

ኢንቲሳር ትሄዳለች። አባባ ምሳውን ሊባርክ ዓይኑን ይጨፍናል። እማዬም ትጨፍናለች። እኔ አልጨፍንም፤ የአባባን የኮት ኪስ አያለሁ። አላበጠም። ማንጎ ከዛፉ ወድቆ ቆርቆሮውን ሲመታው «አሜን» ይላል አባባ።

የሱ ሳህን ቶሎ ያልቃል። ጣቶቹን ይልስና ባዶውን ሳህን ያሳየኛል፤ እዪ፣ ይኸው፣ እንደማለት። ጥርጣሬዬ ትንሽ ይለዝባል። ውኃ ላመጣ ብድግ እላለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ዘወር እላለሁ።

እማዬ ከራሷ ሳህን ገንፎ ቆርሳ፣ ባሚያው ውስጥ አጥቅሳ፣ ወደ አባባ ትዘረጋለች። አባባ ቀና ሳይል አፉን ይከፍታል። የለመደ አፍ ነው።

«እማዬ! ምንድነው እሱ?»

«ምኑ? ጉርሻ ነዋ።»

«ከአንድ ሺህ ስምንት መቶው ውስጥ ነው?»

«ጉርሻ ደግሞ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ሳህን ለየሽ፣ ዝም አልኩ። አሁን እጄንም ልትለዪ ነው?»

«አባባ! ወር ሙሉ ከተሰጠኝ ሌላ አልበላሁም ስትለኝ ነበር።»

አባባ የያዘውን ይውጣል። «አልበላሁም እኮ» ይላል፣ ከልቡ ነው። «አጎረሰችኝ እንጂ።»

ሚዛኑን ወደ እማዬ እገፋለሁ። «የሚቀጥለውን እዚህ አድርጊው።»

«ጉድ ነው!» ትላለች እየሳቀች፤ ቆርሳ፣ አጥቅሳ ታስቀምጠዋለች። ሰማንያ ስድስት ግራም። ስልኬን አወጣለሁ።

«በአንድ ምሳ ስንቴ ታጎርሺዋለሽ?»

መልሱን ፍለጋ ሳህኗን አየዋለሁ። ከግማሽ በላይ ሄዷል። ከተቀመጥን ጀምሮ ግን የእማዬ እጅ ወደ ራሷ አፍ ሲሄድ ያየሁት ትዝ አይለኝም።

«አንቺስ በላሽ?»

«ስሠራ እየቀመስኩ ጠገብኩ።»

«ማታም እንደዚሁ ነው ያልሽኝ» ይላል አባባ፣ ቀስ ብሎ። ወደሷ ዞሮ ያያታል፤ ወር ሙሉ ያላያት ይመስል።

«ኧረ ተዉኝ! እናንተ ደግሞ፣ አንዱን መርምራችሁ ስትጨርሱ ወደኔ መጣችሁ? ይቀዘቅዛል።» ጉርሻውን ከሚዛኑ ላይ ታነሳለች። ባሚያው እንዳይነካት በሌላው እጇ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ትሰበስብና ክንዷን ወደ አባባ አፍ ቀና ታደርጋለች።

አምባሩ ከእጇ አንጓ ይነሳል። የሚይዘው ነገር የለም፤ ተንሸራቶ ተንሸራቶ ክርኗ ጋ ይቆማል።

አባባ አፉን አይከፍትም።