የሚጎትት መሪ

በለጠ አዋሽ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስሙ «ባለሱቁ» ነበር። ሰመራ መጥቶ «ቅርብ» የተባለውን ስታርታፕ ከከፈተ በኋላ ግን ከአዲስ አበባ የሚደውሉለት ወጣቶች «መሥራች» እና «መሪ» ይሉት ጀመር። ደስ አለው፤ ትንሽም ፈራ። ስለዚህ በኦንላይን የአመራር ትምህርት ተመዘገበ።

የ«ቅርብ» ሥራ ቀላል ነው። በጅቡቲ መንገድ ላይ መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ይደውላል። ስልኩን የምታነሳው ሰኢዳ የአፋር ልጅ ናትና ከገዋኔ እስከ ዲቾቶ የትኛው መካኒክ የት እንደሚገኝ ታውቃለች። «ወላሂ አሁን ይደርስልሃል» ትላለች፤ ወላሂ ሳትል የምትዘጋው ስልክ የለም። መለዋወጫውን በፒክአፑ የሚያደርሰው ውብሸት ነው። በለጠ እሺ ሳይል ግን ከመጋዘኑ አንድም ዕቃ አይወጣም። ለዕቃ እንዲህ የሚጠነቀቀው ሰው፣ ትምህርቱ ከያዘው ወዲህ የቀረበለትን የወጪ ወረቀት ሁሉ ሳያነብ መፈረም ጀምሮ ነበር።

በግንቦት ሐሩር፣ ቀትር ላይ፣ ሰርዶ አጠገብ የአንድ ጭነት መኪና የሞተር ቺንጋ ተበጠሰ። ቺንጋው መጋዘን ውስጥ ነበር። ሰኢዳ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ በለጠ ደወለች። በለጠ ቤቱ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ትምህርቱን ይከታተል ነበርና የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። የዕለቱ ትምህርት «ሠራተኛን በጥሞና ማዳመጥ» የሚል ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ ስልኩን ሲያነሳ፣ የሾፌሩ ረዳት በፀሐይ ተመትቶ ሐኪም ቤት ገብቷል።

ረዳቱ ዳነ። ሾፌሩ ግን ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ ሰው ልትገድሉ ነው ወይ ብሎ አፈጠጠባቸው። በለጠ ውብሸትን በአገጩ አመለከተ።

«ልጁ ነው የዘገየብኝ» አለ።

ሾፌሩ ውብሸትን እስኪበቃው ሰደበው። ውብሸት ቆሞ ተሰደበ። ሾፌሩ ሲወጣ በለጠ ለሁለቱም ያን ቀን ኔትወርክ እንዳልነበረ ነገራቸው። ሰኢዳ ስልኳን አየት አደረገች።

ከዚያ ወዲህ በለጠ እህል አልዋጥለት አለ። ቪዲዮው ላይ ያለችው አስተማሪ «መሪ ጥፋቱን ይቀበላል» ስትል ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ያዳምጣታል፤ ምናልባት ሌላ ነገር ብላ እንደሆነ ብሎ።

አንድ ማለዳ ቢሮ ሲደርስ፣ ቢሮ ካደረጉት ኮንቴይነር ጀርባ የሁለቱን ድምፅ ሰማ። ውብሸት ፒክአፑን እያጠበ ነበር።

«መሪው መቀየር አለበት» ይላል ውብሸት። «አርጅቷል። ከእንግዲህ ተጠግኖ የሚሆን አይደለም።»

«ወላሂ እውነትህን ነው» አለች ሰኢዳ። «ወደ አንድ ወገን ነው የሚጎትተው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰው ያስጨርሰናል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ሌላ መፈለግ ነዋ።»

በለጠ ኮቴውን አጥፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ትምህርቱን አልከፈተም። ሁለቱ ጥለውት ከሄዱ «ቅርብ» ባዶ ኮንቴይነር እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ በላይ የቆረቆረው ግን ልክ መሆናቸው ነው። እውነቱን ሊነግራቸው ቆረጠ።

በማግስቱ ሳምቡሳ ገዝቶ ገባና ሻይ አስመጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ትናንት ስለ መሪው ስታወሩ ሰምቻለሁ» አላቸው። «አልቆጣም። ልክ ናችሁ። እንዲያውም እኔ ልነግራችሁ የሚገባ ነገር ነበረኝ...»

ሰኢዳ የያዘችውን ሳምቡሳ መልሳ አስቀመጠች። ውብሸት ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያም በመስኮቱ አሻግሮ ፒክአፑን አየ።

«የመኪናዋን መሪ እኮ ነው ጋሼ» አለ። «ይጎትታል።»

«የመኪናዋን?»

ውብሸት ወደ ሰኢዳ ዞረ።

«የመኪናዋን» አለች ሰኢዳ።

በለጠ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እነሱም ሳቁ፤ ከእሱ ትንሽ ዘግይተው። አፉ ላይ የደረሰውን ኑዛዜ ከሻዩ ጋር ዋጠው።

መሪው ዛሬውኑ ይቀየር አለ። ውብሸት እዚሁ ሰመራ ላስቀይረው ቢል፣ አዋሽ ላይ ፈንታን የመሰለ መካኒክ እያለ አይሆንም አለው። እንግዲያው እኔ ልውሰዳት ብሎ ለመነው።

«አደጋ ካለው መቅደም ያለብኝ እኔ ነኝ» አለ በለጠ። ይቺም ከትምህርቱ ያገኛት ናት።

ውብሸት ቁልፉን ቶሎ አልሰጠውም።

በለጠ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ በዝግታ ነዳ። ሲመለስ ለውብሸት ጥሩ ጫማ ሊገዛለት አሰበ፤ ጫማ መግዛት ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል። ገዋኔ ላይ ነፋሱ መኪናዋን ገፋ ሲያደርጋት መሪው የጎተተ መሰለው። ደስ አለው።

ፈንታ የድሮ ወዳጁ ነው፤ አቅፎ ሳመው። ፒክአፑን እስከ ባቡር ሐዲዱ ነድቶ መለሳት፤ ከሥሯ ገብቶም አየ። በለጠ ከላይ ሆኖ ያወራል፤ ወጪው አያሳስብህ፣ ልጆቼን ለአደጋ አሳልፌ አልሰጥም፣ የሠራተኛውን ቃል የማይሰማ ምኑን መሪ ሆነ ይላል።

ፈንታ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«መሪውንማ ባለፈው ወር ውብሸት እዚሁ አምጥቷት በአዲስ ቀይሬለታለሁ» አለ።