ጥልቁ ጉድጓድ

«እጅ አታስገቡ! መጀመሪያ ቆጥራችሁ ጻፉ» ትላለች ቲቸር እታፈራሁ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ አለቱ ላይ እንደቆመች።

ጥር ነው። ወንዙ ስለጎደለ ከገሱባ ከተማ በታች ያለው አለት በየጉድጓዱ ውሃ ይዞ ቀርቷል። በባሕር ጠረፍም ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋዩ እንዲሁ ውሃ ይዞ እንደሚቀር አስተምራቸዋለች፤ መጽሐፉ ላይ ሥዕሉ አለ። ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ባሕር ያየ የለም።

ሶልያና ጥልቁ ጉድጓድ ዳር ተንበርክካ ትጽፋለች። አምባዛ ዓሣ ስምንት። አልቅት ሁለት። ሸርጣን አንድ።

«ቲቸር፣ ሸርጣን ይበላል?» ይላል ዳና።

«ለዳና ከሆነ ድንጋዩም ይበላል!» ትላለች አንዷ። ሁሉም ይስቃሉ።

ሳቃቸው ሳያልቅ ጩማ ከሁለት ሰዎች ጋር ቁልቁል ይመጣል። የሶልያና አጎት ነው። አንድ እጁ ዱላ ይዟል፤ ትከሻው ላይ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በማዳበሪያ ተሸክሟል። ያ ዱቄት ውሃ ውስጥ ከገባ ዓሣው ሁሉ ታፍኖ ይንሳፈፋል።

«ቲቸር፣ ልጆቹን ያውጡልኝ። ዓሣ ልናወጣ ነው።»

«ክረምት ሲገባ ወንዙን መልሰው በዓሣ የሚሞሉት እነዚህ ናቸው። እነሱን ከጨረሳችሁ ምን ይቀራል?»

«የክረምቱን ለክረምት ይተዉት።»

መምህርቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች። ውሃው ወገቧ ላይ ይደርሳል።

«እንግዲያው እኔም ላይ አፍስሰው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ውጪ ብያለሁ!»

ዱላው ትከሻዋ ላይ ያርፋል። አትወጣም። ሁለተኛው ምት ግንባሯን ይፈነክታል። ዳና ድንጋይ ይወረውራል፤ ከሰዎቹ አንዱ አንገቱን አንቆ አለቱ ላይ ይጥለዋል፤ የልጁ አፍ በደም ይሞላል። ጩማ መምህርቷን በፀጉሯ ጎትቶ ያወጣታል። ማዳበሪያውንም ይገለብጠዋል።

ውሃው አረፋ ይደፍቃል።

«አጎቴ፣ ተው! በናትህ ተው!» ሶልያና ክንዱ ላይ ትንጠለጠላለች። በአንድ እጁ ገፍትሮ ይጥላታል።

«ምን ያስለቅስሻል? አርብ ማታ እራት ላይ ያስተማርሽን ራስሽ አይደለሽ? ‹በበጋ ዓሣው የሚሰበሰበው ጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ቲቸር ነግራናለች› አላልሽም? ነይ፣ ልቀሚ!»

ቲቸር እታፈራሁ ከወደቀችበት ቀና ትላለች። አንድ ዓይኗን ደም ሸፍኖታል። በሌላው ሶልያናን ታያታለች። 

አምባዛዎቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። ስምንቱም። ሸርጣኑ ብቻ የአለቱን ስንጥቅ ይዞ በመንገዳገድ ይወጣል።

ሶልያና በባዶ እጇ ታፍሰውና ዱቄቱ ወዳልደረሰበት ወደ ላይኛው ጉድጓድ ትሮጣለች። አጎቷ ከኋላዋ ስሟን እየጠራ ይሳደባል። ሸርጣኑ ሌባ ጣቷን ይነክሳል፤ ደሟ እስከ ክርኗ ይወርዳል።

ውሃው ጋ እስክትደርስ እጇን አትከፍትም።